ጡሩምባው ሦስቴ ሲነፋ

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው "ወንዝ" ሲባል ውሃ ይጠብቃል። የእኛ ደቻቱ ግን ዓመቱን ከሞላ ጎደል አሸዋ ነው። ፍየል ይነዳበታል፣ ሸራ ተወጥሮ ይቸረቸርበታል፣ ገልባጭ መኪና ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል። ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለን ሲመጣ ብቻ ነው። ሲመጣ ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ ተራራው ላይ፣ ደንገጎ አካባቢ ስለሆነ፣ እኛ ጋ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ሰው ላቡን እየጠረገ ጎርፉ ከች ይላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የማወራችሁን ስትሰሙ "ሰው እንዴት እያየ ወንዝ ውስጥ ይገባል?" ብላችሁ እንዳትፈርዱ ነው።

እኔ በያጅ ነኝ። ቀፊራ ገበያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ በር፣ መስኮትና አጥር እሠራለሁ። ያን ጊዜ ገና ትዳር አልያዝኩም፤ ከእናትና አባቴ ጋር ነበርኩ። ሐውልት ምናምን የሚባል ነገር ውስጥ ይገባል ብሎ የሚጠረጥረኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም ራሴን አልጠረጠርኩም። ያስገባኝ ኤልያስ የሚባል የሥዕል አስተማሪ ነው። ሻይ ካልጠጣ የማያስብ፣ ከጠጣ ደግሞ ማሰቡን የማያቆም ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደቻቱ ዳር፣ ከእኛ ሰፈር ትይዩ፣ አንድ የቆየ የሳሙና ፋብሪካ ነበር። ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ በኩል ያለው የወንዝ ዳር በሙሉ ሊለወጥ ነው ተባለ፤ መጋዘኑ ፈርሶ ሕንፃ፣ የጥጥ መዳመጫው ፈርሶ መናፈሻ። የፋብሪካውም ተራ ደረሰና ማፍረስ ተጀመረ። የቀድሞ ሠራተኞች አቤት ብለው፣ ከጎርፍ መከላከያው ግንብ አናት ላይ ለመታሰቢያ የምትሆን ቁራጭ ቦታ ተሰጠች። ኤልያስ ንድፉን ሠራ፣ ብረቱን እኔ ያዝኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። የፋብሪካው ሴቶች ጠዋት ጠዋት ከእኛ ሰፈር ወርደው፣ አሸዋውን አቋርጠው ነበር ወደ ሥራ የሚገቡት። ድልድዩ ሩቅ ነው፣ በአሸዋው ግን ለአፍታ ነው። እኛ ያንን መሻገር በብረት ልንሠራው ነው። ከፋብሪካው የዘይት ጋን የተቆረጠ ላሜራ ወስጄ ሴቶቹን አንድ በአንድ ከላሜራው ፊት አቆማቸውና በጠመኔ ዙሪያቸውን እሰምራለሁ፤ ከዚያ እቆርጣለሁ። አብዛኞቹ በጡረታ ያሉ እናቶች ናቸው፣ እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ሳሙና ስትጠቀልል ኖራለች።

"ፊት እንዳታደርግ!" አለችኝ አዴ ሩሚያ፣ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ ገና ስትቆም። "ወላሂ ፊት ካደረግህ በቂያማ ቀን 'በል ለሠራኸው ነፍስ ስጠው' ነው የምትባለው። እኔ ደግሞ አልመሰክርልህም፣ አላውቀውም ነው የምለው።"

"ፊትማ የታለንና አቦ!" አለች እናቴ። "ሳሙናው በልቶት የለ እንዴ። ሀብታሙ፣ ፊቱን ተወውና እኔን ዳሌዬ ጋ ቀነስ አድርገኝ። ሰው ሁሌ ሲያየኝ ሊኖር ነው።"

አልቀነስኩላትም። እንዳለች ነው የሰመርኳት፤ ከፊት፣ አንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስቦ። ከፊት ያደረግናት ልጇ ስለሆንኩ አይደለም። ስትሄድ ሁሌም ከፊት ነበረች፣ ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው "እሷ ትምራ" ያሉት። አናታቸው ላይ ያለውን ሻሽ ብቻ ቢጫ ቀባነው፣ የፋብሪካው ሻሽ ቢጫ ነበርና።

የአባቴ ድርሻ ጡሩምባው ነው። ጋሽ ግርማ ይባላል አባቴ፤ ሥራው ቦይለር ቤት ሆኖ፣ የፋብሪካውን ጡሩምባ የሚነፋው እሱ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ሰዓት አልነበረውም፣ ጡሩምባው ነበረው። አንድ ረጅም ሲነፋ ሴቶቹ ከቤት ወጥተው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። ሁለተኛው ረጅም ሲነፋ በሩ ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፣ ዘበኛው የገዛ እህቱንም አያስገባም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲሰማ አሸዋው መሃል ያለች ሁሉ ሩጫ ነው።

ሦስተኛ ምልክትም ነበር፤ ሦስት አጫጭር። ቦይለሩ ከተበላሸ ወይም መብራት ከሌለ "ዛሬ ሥራ የለም፣ ተመለሱ" ማለት ነው። ልጅ ሆኜ በዓለም ላይ እንደዚያ ድምፅ የምወደው አልነበረም። በራችን ላይ ቆሜ የእናቴን ጀርባ ሳይ፣ እነዚያ ሦስቱ ሲሰሙ እናቴ አሸዋው መሃል ቀጥ ትላለች፣ ትዞራለች፣ ፊቷ ወደ እኔ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የእኔ ናት ማለት ነው።

አባቴ ያንን ጡሩምባ ከፍርስራሹ ውስጥ ለምኖ አወጣው። ሲቦርሽ፣ ዘይት ሲቀባ ሰነበተ። ዓይኑ ላይ ሞራ ስለነበረበት በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚሠራው። እኔ ለብቻው ምሰሶ በየድኩለት፣ ከጋራዥ የተዋስኩትን ኮምፕሬሰር በጎማ ቱቦ አገናኘሁለት፤ እጀታው ሲሳብ አየሩ ገብቶ ይጮሃል። ለእናቴ "ቅዳሜ እጠራሻለሁ" ይላታል።

"ቤት ውስጥ 'ነይ' ብለኸኝ አታውቅም፣" ትለዋለች። "አንተ ሰው የምትጠራው ከተማ ሙሉ ቀስቅሰህ ነው።"

ምርቃቱ የተቀጠረው ለቅዳሜ ነበር። ለሴቶቹም የተነገራቸው ይኸው ነው፤ ቅዳሜ ጡሩምባው ሲነፋ ቢጫ ሻሻችሁን አስራችሁ፣ እንደ ድሮው በአሸዋው ተሻግራችሁ ትመጣላችሁ፣ እንግዶች ያዩዋችኋል። ሐሳቡ የማን እንደነበረ ዛሬ ማንም አያስታውስም። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኤልያስ፣ አባቴና እኔ ግንቡ አናት ላይ ነበርን። ብረቶቹ ቆመው አልቀዋል፤ እኔ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች አጠብቃለሁ፣ አባቴ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ በበርሜል ላይ ተቀምጧል። ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና የለም። ተራራው በኩል ብቻ ጥቁር ነገር ይታያል፣ ያ ደግሞ በክረምት አዲስ ነገር አይደለም። ስልኬ ጮኸ። ሙክታር ነው፣ ከደጋው አትክልት በአይሱዙ የሚያመላልስ ጓደኛዬ።

"ወሪያ ሀብታሙ! የት ነህ?"

"ደቻቱ፣ ግንቡ ላይ።"

"አሸዋው ላይ ሰው አለ?"

ወደ ታች አየሁ። "ኧረ ሙሉ ነው።"

"አስወጣቸው! ወላሂ ቀልድ አይደለም፣ እዚህ ላይ ሰማዩ ተቀዷል። ውሃው አሁን በአጠገቤ አለፈ፣ ዛፍ ከነሥሩ ይዟል። አስወጣቸው አቦ!"

ስልኩን ሳልዘጋ መጮህ ጀመርኩ። ታች ሸራ የወጠሩ ቸርቻሪዎች፣ አንድ ፍየል ነጂ፣ ገልባጭ መኪና የሚሞሉ ጫኞች አሉ። መኪናው ሞተሩን አላጠፋም፣ ግንቡ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ድምፄ ከአፌ አልፎ አልሄደም። አንዱ ቸርቻሪ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ሰላም ያልኩት መስሎት እጁን አነሳልኝ።

"ጡሩምባው!" አለ ኤልያስ። "ጋሽ ግርማ፣ ይንፉት! ይንፉት!"

አባቴ ተነሳና እጀታውን ጨብጦ ሳበው።

ያንን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ። ደረቴ ውስጥ ገባ። የአባቴ ጉንጭ እንባ በእንባ ሆነ፤ ለሰው ሕይወት ብሎ እየነፋ፣ የገዛ ጉብዝናውም ትዝ እያለው ነበር መሰለኝ። ታች ያለው ሰው በሙሉ ቀና አለ። እኔ በሁለት እጄ ወደ ተራራው እያመለከትኩ "መጣ! ወንዙ መጣ!" እላለሁ። ያኔ ገባቸው። ሸራ ተጠቀለለ፣ ፍየሎቹ ተነዱ፣ ጫኞቹ አካፋ እየጣሉ ሮጡ። ግን አሁንም ከታችኛው በኩል ዕቃ የሚለቅሙ፣ የሚዘገዩ አሉ።

"ይድገሙት!" አለ ኤልያስ።

አባቴ ደገመው። ረጅም፣ ሙሉ፣ የኮምፕሬሰሩ አየር እስኪያልቅ።

ጥፋቱ ምን ላይ እንደነበር አሁን ለእናንተ ግልጽ ነው። ለእኛ ግን አልታየንም። እኛ ማስጠንቀቂያ እየደገምን ነው። ሁለተኛው ድምፅ ሊያልቅ ሲል ዓይኔ ወደ ወዲያኛው ማዶ ሄደ፤ ከእኛ ሰፈር በሚያወርደው መውረጃ ላይ ቢጫ ነገር ታየኝ። ከዚያ ብዙ ቢጫ ነገር። ሻሾች ናቸው። የፋብሪካው ሴቶች ተከታትለው ወደ አሸዋው ወርደዋል፣ ሁለተኛውን ሲሰሙ ደግሞ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሩጫ ጀመሩ።

በኋላ አዴ ሩሚያ እንደነገረችኝ፣ ሁሉም ያን ከሰዓት እሷ ቤት ተሰብስበው ሻሽ ሲተኩሱ ነበር። አንደኛው ሲነፋ ተያዩ። "ባለሥልጣን መጥቶ ፕሮግራሙን ወደ ዛሬ አምጥተውት ይሆናል፣ መቼ ይነግሩናል፣" ተባባሉ። እውነታቸውን ነው፣ በአገራችን ፕሮግራም እንዲህ ነው የሚቀያየረው። ወጡ። እናቴ ስልኳን ከትኩስ ካውያው አጠገብ ትታው ነው የወጣችው። መውረጃው ላይ ሳሉ ሁለተኛው ሲነፋ፣ "በሩ ሊዘጋ ነው" አለች አንዷ እየሳቀች። በሩ ከፈረሰ ወር አልፎታል። ግን ሮጡ።

"ተመለሱ!" አልን። ሦስታችንም፣ ከግንቡ ሥር የወጡት ቸርቻሪዎችም፣ ጫኞቹም። የአንድ መንደር ሕዝብ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ሴቶቹ አዩን። ደስ አላቸው። ሊቀበላቸው የወጣ ሕዝብ ነው የመሰላቸው። እጃቸውን አነሱልን፣ እልል አሉ። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ሠርግ ቤት ስሄድ እንኳ ሲጀመር ወደ ውጭ ነው የምወጣው።

እኔ ቁልፌን ጥዬ በድንጋዩ ደረጃ ወረድኩ። ኤልያስ "ሀብታሙ! አትውረድ!" ሲል ይሰማኛል። አሸዋው ውስጥ ስገባ የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ ደቻቱን የሚያውቅ ሰው ያ ሽታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እናቴ ከሁሉም ቀድማለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ "ወይ ልጄ" የምትል ሴትዮ፣ እንደ ኮረዳ ትሮጣለች። ሌሎቹ ገና ወደ መሃል እየደረሱ ነው፣ እሷ ግን ወደ እኛ ዳር ቀርባለች። ፊቷ ይታየኛል። ትስቃለች።

"እማዬ ነይ! ፍጠኚ! ነይ!"

"ተዘጋ እንዴ?" አለችኝ እያለከለከች። "ሀብትሽ፣ በሩ ተዘጋ?"

"ነይ ብቻ! ወንዙ መጥቷል!"

"ኧ?"

የምለው አልተሰማትም። ምክንያቱም ያን ጊዜ የውሃው ድምፅ መጥቶ ነበር። ሲመጣ መጀመሪያ ነፋስ ነው፣ አቧራና ቅጠል የያዘ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማ ጉርምርምታ። እናቴ ወደዚያ አልዞረችም። እኔን እያየች ነው የምትመጣው። እጄን ዘረጋሁላት። ልይዛት ነው። እመኑኝ፣ ልይዛት ነበር።

ጡሩምባው ተነፋ።

አጭር። አጭር። አጭር።

እላይ የሆነውን ኤልያስ ነው የነገረኝ። አባቴ ነገሩ የገባው እልልታውን ሲሰማ ነው። "ጠራኋቸው፣" አለ፣ "እኔ ነኝ የጠራኋቸው።" ከዚያ ወዲያው እጀታውን ያዘ፣ ግን ሁለቱ ረጃጅሞች ኮምፕሬሰሩን ባዶ አድርገውት ነበር። አየሩ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። ኤልያስ የቆጣሪው መርፌ ስትወጣ እያየ ይነግረዋል፤ አባቴ አንድ እጁ እጀታው ላይ፣ ዓይኑ አሸዋው ላይ። ሊበቃ ነው ሲባል ሳበው፣ ሦስቴ።

መሃል ላይ የነበሩት ሴቶች እንደ አንድ ሰው ቆሙ። ማንም አላሰበም፣ ማንም "ለምን" አላለም። ዞረው ወደ መጡበት ሮጡ።

እናቴም ቆመች። ከእኔ ጋር በአንድ ዝርግ ላሜራ ርቀት ላይ ነበርን። አንገቷን ቀና አድርጋ ድምፁን ሰማች፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ፤ በምትኩ የመጣው ተስፋ መቁረጥ አይደለም፣ ሥራ የሌለ ቀን የሚሰማ ነገር ነው። "ተመለሱ ተባልን እኮ፣" አለችኝ፣ ልክ ለልጅ እንደሚነገር። ዞረች። በልጅነቴ በር ላይ ቆሜ የማየው ያው መዞር ነው፣ አሁን ግን ወደ እኔ የሆነው ፊቷ ሳይሆን ጀርባዋ ነው። ወደ እሷ ስወረወር ጣቴ የቀሚሷን እጅጌ ነክቷል። ጨርቅ መሆኑ ትዝ ይለኛል። አልያዝኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቡናማ ነገር ግንቡን እየላሰ መጣ። አንድ ጫኝ ከኋላዬ ወርዶ በቀበቶዬ ጎትቶ ደረጃው ላይ ጣለኝ፤ ማን እንደሆነ ሳላመሰግነው ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ፈለግሁት። ሴቶቹ ወዲያ ማዶ መውረጃው ላይ ሲወጡ ውሃው ከጉልበታቸው ደርሶ ነበር፣ አዴ ሩሚያ የመጨረሻዋ ናት፣ ሁለት ሴቶች እጅና እግሯን ይዘው ነው ያወጧት። ሁሉም ወጡ። እናቴ ግን ከእኔ ዳር ስትመለስ ገና መሃል ላይ ደርሳ ነበር። አንድ ጊዜ ቢጫው ታየኝ፣ ከዚያ አልታየኝም።

ከላይ የአባቴ ድምፅ ይመጣል። "ተመለሱ? ኤልያስ፣ ሁሉም ተመለሱ?"

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው በታች፣ ውሃው አሸዋ ሆኖ ከቀረበት ቦታ፣ ግመል ነጂዎች አገኟት። በላይዋ ላይ ሽርጣቸውን አልብሰው፣ ሰው እስኪመጣ ከጎኗ ቆመው ጠበቁን። ቀበርናት። ድንኳኑ ውስጥ የእኛ ቄስ ይጸልያሉ፣ ውጭ የአዴ ሩሚያ ሰፈር ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። ሴቶቹ በሙሉ መጡ። ማንም ቢጫ አላሰረም።

በሠልስቱ ዕለት አባቴ ወደ ጓዳ ጠራኝ። በር ዘጋ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ታች ነበርክ፣ በደንብ አይተሃል።"

"ጠይቀኝ አባዬ።"

"ስነፋ የት ነበረች? መሃል ነበረች አይደል?"

ዓይኑ ላይ ያ ነጭ ሞራ አለ። አላያትም አልኩ በልቤ፤ ይህ ሰው ከግንቡ ላይ ጥላ እንጂ ሰው አይለይም። እውነቱን ብነግረው ደግሞ ይገድለዋል። ያንን ሁሉ ሴት ያተረፈበትን እጅ ቆርጦ የሚጥል ነው።

"መሃል ነበረች አባዬ፣" አልኩት። "ከሌሎቹ ጋር መሃል ነበረች። ጉልበቷ ነው ያልቻለው። ባትነፋውማ ሁሉም ያልቁ ነበር።"

አንገቱን ነቀነቀ። "እሺ፣" አለ። "እንግዲህ ጉልበቷ ነው።"

ለአዴ ሩሚያም፣ ለኤልያስም፣ ለሁሉም ነገርኩ፤ መሃል ነበረች በሉ። ሁሉም እሺ አሉ። እንግዲህ እንደዚያ ኖርን።

ምርቃቱ ከወራት በኋላ ያለ ጡሩምባ ተደረገ። ቱቦውን እኔ ራሴ ቆርጬ አወጣሁት። ብረቶቹ ዛሬም ግንቡ ላይ አሉ፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሰው ፎቶ ይነሳባቸዋል፣ ሕንፃው ደግሞ ከጀርባቸው እያደገ ነው። እኔ በዚያ በኩል ማለፍ ካለብኝ በባጃጅ ነው የማልፈው፣ ያውም ወደ ሌላው ጎን ተቀምጬ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። በፊት ነገሮችን ያረጁና ያላረጁ ብዬ ነበር የምለያቸው። ያረጀ ነገር ይቦረሻል፣ ይቀባል፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሰው ያየዋል፣ አለቀ። ጡሩምባውን ያየነው እንደዚያ ነው። እኛ ትዝታ ብለን የሰቀልነው ነገር ለእነዚያ ሴቶች አሁንም ትእዛዝ ነበር። ሃያ ዓመት እግራቸው ውስጥ የገባውን ነገር፣ ፋብሪካው ስለፈረሰ ብቻ ወጥቷል ብለን አሰብን። ለማክበር ነው የሠራነው፣ ይህንን እምላለሁ። ግን ከመሥራታችን በፊት አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን "ይህንን ድምፅ ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለን አልጠየቅናቸውም። ብንጠይቃቸው በአንድ ቃል ይነግሩን ነበር።

እናንተም በየከተማችሁ የፈረሰ ነገር መታሰቢያ ታቆሙ ይሆናል፤ አቁሙ፣ አልከለክልም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በርና መስኮት ብቻ ነው የምሠራው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሙክታር ጋር ተደዋውለን፣ አሸዋው ላይ የሚነግዱትን በስልክም በእግርም እናስወጣለን። ጡሩምባ የለም፤ በስም እየጠራን ነው።

አሁን ይህንን ታሪክ ጻፈው ያለኝ ራሱ አባቴ ነው። ያለኝም በዚህ ክረምት ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር፣ ተራራው በኩል ጠቁሯል፣ እሱ ደግሞ እንደዚያ ሲጠቁር መናገር ያቆማል። ድንገት ተናገረ።

"አየኋት እኮ ሀብታሙ።"

"ማንን?"

"ቢጫውን ለይቼ አየዋለሁ። ብዙው መሃል ነበረ፣ አንዱ ብቻውን አንተ ጋ ደርሶ ነበር። ሁሌ ከፊት የምትሄደው ማን እንደሆነች አንተ ትነግረኛለህ?"

ዓይኔን ከተራራው ነቅዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

"እጅህን ስትዘረጋ ሳይ፣ እሷ ደርሳለች አልኩ። አንተን እያየች የምትመለስ አልመሰለኝም። ለሌሎቹ ነው ብዬ ነፋሁት።"

"አባዬ…" አልኩት። "ካየሃት ታዲያ ያኔ ጓዳ ውስጥ ለምን ጠየቅኸኝ? እኔ መሃል ነበረች ስልህስ ለምን እሺ አልክ?"

ሞራው ከአንድ ዓይኑ ወጥቶለታል፤ በዚያ ዓይኑ አየኝ።

"እጅህ ላይ እንደነበረች የምታውቀው አንተ ነህ፣ እንድትናገረው ነው የጠየቅሁህ፣" አለኝ። "መሃል ነበረች ስትለኝ፣ አንተ ልትሸከመው የምትችለው እሱን ነው መሰለኝ።"